ሐረጎ ላይ ላልመለስኩልሽ ጥያቄ

ደሴ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፦

አያትሽ ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ብቻ ብርዱ በጠና ቁጥር ያስቸግራቸዋል። ትናንት ቡና ላይ "ያቺ ልጅ አዲስ አበባ ምን ትበላ ይሆን?" እያሉ ዱአ ሲያደርጉልሽ ነበር። አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም በአንቺ ስም ነው የመረቁት።

ደብዳቤ መጻፌ በስልክ የማይሆን ነገር ስላለኝ ነው። ባለፈው ስትደውዪ "እማ፣ ቀመሩን አውቀዋለሁ፤ ቁጥሩን አስገብቼ መልሱን አወጣለሁ፤ ግን ፀሐይ ለምን ይህን ያህል ሆነች? ለምን ከዚህ አልተለቀችም? ለምን አላነሰችም? ብባል የምለው የለኝም" አልሽኝ። እኔ ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ኔትወርኩ አልተቆራረጠም ነበር። ጥያቄሽ ሌላ ቀን የጠየቅሽኝን ሌላ ጥያቄ አስታውሶኝ ድምፄ አልወጣ ስላለኝ ነው።

ያን ቀን ታስታውሺው ይሆን? 2006 ዓ.ም. ነበር፤ ሰባት ዓመትሽ። ወደ አክስትሽ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድን ነው። አንቺ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠሻል። የገዛሁልሽን ውሃ ሚኒባሱ ከደሴ ሳይነሣ ጨርሰሽ፣ ባዶውን ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቀሽ ዘግተሽ ጭንሽ ላይ ይዘሽዋል። የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር "ጆሮዬ ተደፈነ" አልሽ። ምራቅሽን ዋጪ አልኩሽ። ጥቂት እንደቆየን ሃይላንዱ እጅሽ ላይ ቋ አለና ጎኑ ወደ ውስጥ ገባ። ማንም አልነካውም። ዓይንሽን አፍጥጠሽ አየሽኝና "እማ፣ ማን ጨመቀው?" አልሽኝ።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ያን ጥያቄ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ቢያነሣልኝ ኖሮ ጠመኔዬን ይዤ ሰሌዳውን ሁሉ እሞላው ነበር። ግን ያን ዕለት ጠዋት ለሁለተኛ ዲግሪ ያመለከትኩበት ወረቀት ተመልሶልኝ ነበር። የከዋክብትን ፊዚክስ ልማር ብዬ ነበር የጠየቅሁት፤ አለቆቼ አንለቅሽም አሉ፤ ምክንያቱንም የነገረኝ ሰው የለም። ሆዴ እንደተቃጠለ ነበር መኪናው ላይ የወጣሁት። "ዝም በይ፣ ጣይው እሱን ኮተት" አልኩሽ።

አልጣልሽውም። ኮምቦልቻ መናኸሪያ እስክንደርስ በሁለት እጅሽ አቅፈሽ ያዝሽው። ሁለተኛ ግን አልጠየቅሽኝም። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ልጅ አስተማርኩ፤ ጠያቂን ዝም በል ብዬ አላውቅም። የገዛ ልጄን ግን ብያለሁ። ዛሬ ሁለቱንም ጥያቄሽን አንድ ላይ ልመልስልሽ፤ መልሱ አንድ ነውና።

ከሃይላንዱ ልጀምር። የጨመቀው አየር ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ግድም ላይ ናት። ከራሳችን በላይ እስከ ሰማይ ድረስ የተነባበረው አየር ክብደት አለው፤ ደሴ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የጣት ጥፍር በሚያህል ቦታ ላይ ማለት ነው፣ ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ይጫናል። ኮምቦልቻ ስትወርጂ በዚያ ላይ 650 ሜትር ውፍረት ያለው አየር ይጨመርበታል። በጥፍር ልክ ሲታይ 70 ግራም የማይሞላ ጭማሪ ነው። የሊትር ሃይላንድ ገላ ግን ዙሪያውን ቢለካ ከ600 ካሬ ሴንቲ ሜትር አያንስም። ሲደመር 40 ኪሎ ገደማ ይመጣል። አንቺ ራስሽ ያን ጊዜ የዚህን ግማሽ ብትመዝኚ ነው። ውስጡ ተዘግቶ የቀረው የደሴ አየር ይህን የኮምቦልቻ ሸክም አልቻለም፤ ስለዚህ ሃይላንዱ ተጨመቀ። እስከ ምን ድረስ ተጨመቀ? ውስጥ ያለው አየር በመጠጋጋቱ በርትቶ፣ ከውጭ ከሚገፋው ጋር እኩል መልሶ እስኪገፋ ድረስ። እዚያ ላይ ቆመ። የዚያን ሃይላንድ መጠን የወሰነው ፋብሪካው አልነበረም፤ የሁለት ግፊቶች መተካከል ነበር።

ይህንኑ ነገር ወጥ ቤትም ታገኚዋለሽ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ 94 ግድም፣ አሰብ ባሕሩ ዳር 100። አክስትሽ ባቄላዋ ፈጥኖ እንደሚበስል ስትናገር አያትሽ "የእኛ ማገዶ ነው የሰነፈው" ይላሉ። ማገዶውስ አይታማም፤ ከላይ የሚጫነን አየር ስለሚያንስ ነው።

አሁን ሰኞ ገበያ ወደ እህል ተራው አብረሽኝ ነይ። ኩንታሎቹ ሲደረደሩ አይተሻል። ከላይ ያለው ማንንም አይሸከምም። ሁለተኛው አንዱን ይሸከማል፤ ሦስተኛው ሁለቱን። ከሥር ያለው ሁሉንም ተሸክሞ ድንጋይ ይመስላል፤ በጣትሽ ብትወጊው አይበገርም። አየርም እንደዚሁ ነው። ፀሐይም እንደዚሁ ናት። ልዩነቱ የእህል ተራው ወለል አለው፣ የእኛ አየርም ከሥሩ መሬት አለ፤ ፀሐይ ግን ወለል የላትም። ከላይ ጀምረሽ ብትወርጂ፣ ብትወርጂ፣ 700,000 ኪሎ ሜትር ያህል ጋዝ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ንብርብር በላዩ ያለውን ሁሉ የሚሸከመው ከሥሩ ባለው ሌላ ጋዝ ላይ ተደግፎ ነው። መሐሏ ላይ ስትደርሺ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት 250 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሙቀቱ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ነው። ጋዙ ከመጨመቁ ብዛት ከእርሳስ ብረት አሥር ጊዜ በላይ ይከብዳል፤ ያም ሆኖ ጋዝነቱን አልተወም።

ያ ግፊት ድንገት ቢጠፋስ? ፀሐይ በገዛ ክብደቷ ተንዳ ወደ መሐሏ ለመውደቅ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይበቃታል። ሚኒባሳችን ኮምቦልቻ ሳይገባ ፀሐይ አለቀላት ማለት ነው። ይህ እንዳይሆን በየሰከንዱ የሚከለክል ነገር አለ። እሱ ምንድን ነው የሚለው ነው ዋናው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን መምህራን የምንስተው ነገር አለ፤ እኔም ለዓመታት ስቼ አስተምሬዋለሁ። "ስበት ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ የኒውክለር ፍንዳታው ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሁለቱ ሲተካከሉ ፀሐይ ጸንታ ትቆማለች" እንላለን። ተማሪው ሲሰማው ፀሐይ ውስጥ ቦምብ እየፈነዳ የሚያቆማት ይመስለዋል። አይደለም። የሚያቆማት የጋዙ ሙቀት ነው። የሞቀ ጋዝ ቅንጣቶቹ ይሯሯጣሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይገፈታተራሉ፤ ያንን ነው ግፊት የምንለው። የኒውክለር ውህደቱ ሥራ ሌላ ነው፤ ብርሃን ሆኖ ከላይ የሚወጣውን ሙቀት ከሥር እየተካ ጋዙ እንዳይቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። የድስቱን ክዳን የሚያነሣው እንፋሎቱ ነው፤ ከሰሉ እንፋሎቱን ያሞቃል እንጂ ክዳኑን አይነካውም። ይህን ልዩነት ከያዝሽ ቀመርሽ ራሱ ይነግርሻል።

ያ የፀሐይ ከሰል ደግሞ ምን ያህል ለስላሳ እሳት እንደሆነ ልንገርሽ፤ እኔ ራሴ መጀመሪያ ሳነበው አላመንኩም። ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም በሚለወጥበት በመሐሏ፣ አንድ ሜትር ኩብ ቦታ የሚያመነጨው ኃይል 300 ዋት አይሞላም። የጥቂት አምፖል ያህል ነው። አንድ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ 100 ዋት ያህል ሙቀት ከገላው ይሰጣል፤ ሕፃን ደግሞ ከመጠኑ አንጻር ከትልቅ ሰው ይበልጣል። ሒሳቡን ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። የሦስት ወር ልጅ ሆነሽ አዝዬሽ ገበያ ስሄድ ጀርባዬን ታሞቂው የነበረው ሙቀት፣ አንቺን በሚያህል የፀሐይ መሐል ቁራጭ ከሚመነጨው አሥር እጥፍ ያህል ነበር። ፀሐይ የበለጠችሽ በስፋቷ ብቻ ነው፤ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ከዳር እስከ ዳር፣ መሬትን 109 ጊዜ በአንድ መስመር የሚያስደረድር ስፋት። ከዚያ ሁሉ ስፋት እየተጠራቀመ ነው ያ ለስላሳ እሳት ሐሩር የሚሆነው።

እንግዲህ ጥያቄሽ። ለምን ይህን ያህል ሆነች?

ፀሐይን በሐሳብሽ ጥቂት ጨምቂያት። መሐሏ ይሞቃል፤ ውህደቱ ይፋጠናል፤ ግፊቱ ይበረታና መልሶ ይነፋታል። ደግሞ ጥቂት ዘርጊያት። መሐሏ ይቀዘቅዛል፤ ውህደቱ ይደክማል፤ ግፊቱ ክብደቷን መሸከም ያቅተውና ትሰበሰባለች። ያን ያህል ክብደት ያለው ጋዝ፣ ከላይ የሚያጣውን ሙቀት ከሥር ልክ በልኩ እየተካ፣ ራሱን ተሸክሞ ሊቆም የሚችልበት ስፋት አንድ ብቻ ነው። ያ ስፋት ነው ፀሐይ። ከውጭ ሆኖ የለካላት የለም፤ ክብደቷና ሙቀቷ ተነጋግረው የተስማሙበት ነው።

አንድ የሚደንቅ ነገር ልጨምርልሽ። ጀበና ከምድጃ ሲወርድ ይቀዘቅዛል። ኮከብ ግን ሙቀት ሲያጣ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ ደግሞ ውስጡ ይበልጥ ይሞቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን ሎርድ ኬልቪን የሚባለው ሊቅ ፀሐይ የምታበራው እንዲህ እየተሰበሰበች ብቻ ነው ብሎ ዕድሜዋን በአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት ቆጥሮት ነበር። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ከሰሉን ግን አላወቀም። ትክክለኛው ዕድሜዋ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ያ እሑድ ጠዋት ትዝ ይልሻል? በግርዶሹ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ስትታይ፣ እኛ ደሴ ላይ ማጭድ መስላ አገኘናት። አያትሽ በዓይናችሁ እንዳታዩ ብለው ቢጮሁብን የዱቄት ወንፊቱን ይዘን ወጣንና ነጠላ መሬት ላይ ዘረጋን። በእያንዳንዱ የወንፊት ቀዳዳ አንዳንድ ትንሽ ማጭድ ነጠላው ላይ ወረደ። "እማ፣ ጋዝ ከሆነች ጠርዟ ለምን እንደ ደመና አልተበተነም?" ብለሽኝ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ ወሬው በዛና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። መልሱ ይኸው። ላይኛው ንብርብሯ ላይ ስበቷ ብርቱ ሆኖ ጋዙን ወደ ታች ስለሚይዘው፣ ብርሃን የማያሳልፈው ጋዝ ወደሚያሳልፈው የሚለወጠው በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ከ1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አንጻር ይህ ከምንም አይቆጠርም፤ ስለዚህ ጠርዟ እንደ ምጣድ ጠርዝ የተቆረጠ መስሎ ይታየናል።

የከተማችን ስምም ከዚህ ሰማይ የወረደ ነው ይባላል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚህ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ ታየቻቸውና ቦታውን "ደሴ"፣ ደስታዬ፣ አሉት የሚለውን ከአያትሽ አፍ ሰምተሻል። የዚያን ዓመት መስከረም ላይ የታየችው ጅራታም ኮከብ በቀን ብርሃን ሳይቀር ከፀሐይ አጠገብ የምትታይ ነበረች። የፀሐይን ገጽ በግማሽ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ውስጥ ታክካ አለፈችና ተሰነጣጠቀች። አቧራና በረዶ ነበረች፤ የራሷ ስበት ደካማ ስለነበር የፀሐይ ስበት ሲጎትታት አልቻለችም። ፀሐይ በራሷ ስበት የታሰረች ናት፤ ያቺ እንግዳ ግን በራሷ የምትታሰርበት አቅም አልነበራትም።

ትናንት ከዒሻ በኋላ፣ ምሽት 3 ሰዓት ግድም ጋቢዬን ለብሼ ግቢ ወጣሁ። ጨረቃ አልወጣችም፤ ብርዱ ሰማዩን እንደ መስታወት ወልውሎታል። ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ በምሥራቅ ከፍ ብሏል። አንቺም ዶርም ደጃፍ ላይ ሆነሽ ይህንኑ ልታዪ ትችያለሽ፤ መብራቱ ካላስቸገረሽ።

ከኦሪዮን ትከሻ ላይ ቀላ ያለውን ኮከብ ፈልጊ፤ ቤቴልጂዩዝ ነው። ከፀሐይ 700 ጊዜ ያህል ይሰፋል። የእኛ ፀሐይ ባለችበት ቢቀመጥ መሬትንም ማርስንም ውጦ ያልፋል። ክብደቱ ግን የፀሐይ 15 እጥፍ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው። ሃይድሮጅኑን ከመሐሉ ጨርሷል፤ መሐሉ ተሰበሰበና ሞቀ፤ ያ ሙቀት የላይኛውን ጋዝ ነፋው። ትልቅነቱ አያታልልሽ፤ አማካይ ጋዙ ከደሴ አየር ከ10,000 ጊዜ በላይ የሳሳ ነው። ዕድሜው ደግሞ ገና 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይም ብዙ አይቆይም። ኮከብ በከበደ ቁጥር ራሱን ለመሸከም መሐሉ ይበልጥ መሞቅ አለበት፤ በሞቀ ቁጥር ከሰሉን ይፈጃል። ከባዶቹ ቀድመው ያልቃሉ። እኔ ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ዘንድሮ ከበሬው ዓይን፣ ከአልዴባራን አጠገብ ደምቆ የሚታየው ጁፒተር ነው። 318 መሬት የሚመዝን፣ ስፋቱ ግን የመሬት 11 እጥፍ። ጋዝ እየጨመርሽ ብታከብጂው ይሰፋል ብለሽ ትጠብቂያለሽ፤ እምብዛም አይሰፋም። የጨመርሽውን ያህል ስበቱ ይጨምቀዋል። 80 እጥፍ ያህል ሲከብድ የውህደቱ እሳት ተያይዞ ኮከብ ይሆናል፤ ስፋቱ ያን ጊዜም ያው የጁፒተር ያህል ነው።

ሲሪየስን አታጪውም፤ ከኦሪዮን በታች ከሁሉም ደምቆ የሚያበራው ነው። አብሮት የሚዞር፣ በዓይን የማይታይ ነጭ ድንክ ኮከብ አለ። ክብደቱ የፀሐይ ያህል፣ ስፋቱ የመሬት ያህል። አንድ የሻይ ማንኪያ ከእሱ ብትጨልፊ አንድ አይሱዙ አይጭነውም። ከሰሉ ካለቀ ቆይቷል፤ ታዲያ ማን ተሸከመው? ኤሌክትሮኖቹ። ሁለት ኤሌክትሮን አንድ ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ የታችኞቹ ወንበሮች ሲሞሉ የቀሩት ወደ ፈጣኖቹ ወንበሮች ይገፋሉ፤ ከዚያ ሩጫቸው የሚመጣው ግፊት ብርድ አያውቀውም። ግን እዚህ ቤት ሥርዓቱ ተገልብጧል፤ ነጭ ድንክ በከበደ ቁጥር ያንሳል። ይህ እስከ የት እንደሚዘልቅ ያሰላው ቻንድራሴካር የሚባል የ19 ዓመት ሕንዳዊ ነው፤ አንቺን ከሚያህል ልጅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ሲሄድ፣ መርከብ ላይ ተቀምጦ ነው ሒሳቡን የሠራው። የኋላ ኋላ ተጣርቶ የወጣው ቁጥር የፀሐይ 1.4 እጥፍ ነው። ከዚያ በላይ የከበደውን ኤሌክትሮን አይሸከመውም። አዋቂዎቹ ለብዙ ጊዜ አልተቀበሉትም፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። አዋቂ ዝም በይ ሲልሽ ይህን ልጅ አስቢው። እኔንም ጨምሮ።

ከዚያ ወሰን ያለፈ የከባድ ኮከብ መሐል ይናዳል። የሚቀረው ኒውትሮን ኮከብ ነው፤ ፀሐይን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ክብደት፣ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር በሚሆን ስፋት ውስጥ። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው የመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ዕለት አንቺ ሃይላንዱን አቅፈሽ፣ እኔ በመስኮት ወደ ቦርከና ሸለቆ ፊቴን አዙሬ ዝም ብለን በተጓዝነው መንገድ ልክ ውስጥ ስበት አንድ ፀሐይ ይከታል። ልነግርሽ እችል ነበር። ጊዜውም ነበረን።

ሌላ አንድ ኮከብ ቀርቶኛል፤ እሱን ያለ መነጽር አታዪውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ሰጥቶ ስም አውጡ ብሎ ነበር። የኢትዮጵያ ድርሻ አንድሮሜዳ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ያለ ኮከብ ሆነ። ኮከቡን ቡና፣ ፕላኔቱን አቦል ብለን ሰየምነው። በዓለም መዝገብ የገባ ስም ነው። ክብደቱ ከፀሐይ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይበልጣል፤ ስፋቱ ግን አንድ ተኩል ጊዜ አልፏል፤ ብርሃኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ከክብደቱ ይልቅ ስፋቱ የተረፈው ለምን እንደሆነ ራስሽ አስቢው፤ ከላይ በጻፍኩልሽ መልሱ አለ። ርቀቱ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይጠጋል፤ ዛሬ ማታ ወደ እኛ የሚደርሰው ብርሃኑ መንገድ የጀመረው በዘመነ መሳፍንት፣ የየጁ ራሶች ጎንደር ላይ ሠልጥነው ሳሉ ነው። ለአያትሽ ስነግራቸው ፍንጃሉን ወደ ከንፈራቸው እንደያዙ ቆሙና "ቡና ሰማይ ላይ ካለ ማን ይቆላዋል?" አሉኝ። ራሱን በራሱ ይቆላል አልኳቸው። "ማሻ አላህ" ብለው መረቁት።

እንጦጦ ላይ፣ ከፍታው 3200 ሜትር በሆነ ተራራ፣ አንድ አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። አንቺ ካለሽበት ሩቅ አይደለም። ለእኔ ያልሆነልኝ በር ለአንቺ ከሥርሽ ነው። ሂጂና ጠይቂ። ለምን መጣሽ ቢሉሽም፣ ዛሬ አይሆንም ቢሉሽም ሌላ ቀን ተመለሺ። ክፍል ውስጥም እጅሽን አውጪ፤ ሰው ቢስቅብሽ አብሽሪ።

ለዕረፍት ስትመጪ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ በመኪና ነይ። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስትደርሺ ውሃሽን ጠጥተሽ ጨርሺና ባዶውን ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቀሽ ዝጊው። ደብረ ሲናን ወርደሽ ሸዋ ሮቢት ላይ እዪው፤ አንጀቱ ተጣብቆ ታገኚዋለሽ። ኮምቦልቻ ላይ ደግመሽ እዪው። ከዚያ ሐረጎን ስትወጪ አድምጪው፤ ጎኑ ቀስ እያለ ወደ ቦታው እየተመለሰ ይሄዳል፤ ደሴ ከጣርማ በር ዝቅ ስለምትል ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሳትከፍቺው አምጪልኝ። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ከመኪናው ስትወርጂ ሃይላንዱን አሳይተሽ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ጠይቂኝ።

እናትሽ